ስለ አባ ሰንጋ በሽታ ታሪክና ስለ በክት ሥርዐት

ልዩ ልዩ ሕዝቦች ለአንድ ደዌ ያወጡትን ስም አሰባስቦ የሚመረምር ሰው፣ እያንዳንዱ ሕዝብ ያንን ደዌ ከየት በኩል ቆሞ እንዳየው ሊረዳ ይችላል። ከብትንም ሰውንም የሚገድለውን አንዱን አሮጌ በሽታ ግሪኮች «አንትራክስ» አሉት፤ ከሰል ማለት ነው። ፈረንሳዮች «ሻርቦን»፣ ጣሊያኖች «ካርቦንኪዮ» ሲሉት ያንኑ ከሰል መጥራታቸው ነው፤ ዐረቦችም «ክፉው ፍም» ይሉታል። እነዚህ ሁሉ የተመለከቱት በታመመው ሰው ቆዳ ላይ የሚወጣውን፣ መካከሉ እንደ ከሰል የሚጠቍረውን ቍስል ነው። ጀርመኖች ግን «ሚልትስብራንት» ብለውታል፤ የጣፊያ ቃጠሎ ማለት ስለ ሆነ፣ ስሙን ያወጡት ሰዎች የከብቱን ሆድ ከፍተው ጣፊያው አብጦና ጠቍሮ ያዩ እንደ ሆኑ ግልጽ ነው። ሩሲያውያን ደግሞ «የሳይቤሪያ ቍስል» ብለው በአገር ስም ጠሩት።

በእኛ ቋንቋ የበሽታው ስም አባ ሰንጋ ነው። ሰንጋ የተኮላሸና የሰባ በሬ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። «አባ» የሚለው ቃል ደግሞ ከአባትነትና ከምንኵስና ማዕርግ ሌላ ባለቤትነትንና ጌትነትን እንደሚያመለክት ከፈረስ ስሞች እንረዳለን፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸው የታጠቅ ጌታ፣ የዳኘው ጌታ ለማለት ነው። ይህን መንገድ ከተከተልን አባ ሰንጋ «የሰንጋ ጌታ» ይሆናል። ፍቺው የእኔ ግምት ነው፤ ይሁን እንጂ ከበሽታው ጠባይ ጋራ በጣም ይስማማል። አባ ሰንጋ ከሲታውንና ያረጀውን መርጦ የሚጥል አይደለምና፤ ጧት በደኅና የተሰማራ፣ ጠጕሩ የሚያብረቀርቅ በሬ ማታ መስክ ላይ ተጋድሞ ይገኛል። ስለዚህ አባቶቻችን በሽታውን ሲሰይሙ የተመለከቱት ቍስሉን ወይም ጣፊያውን ሳይሆን ከቤታቸው የወጣውን ሀብት ነው ለማለት እደፍራለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ጥያቄ ከዚሁ የተነሣ ነው። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይታረድ የሞተን ከብት ሥጋ እንዳይበላ በሃይማኖቱ ተከልክሏል፤ ክልከላውንም አብዛኛው ሰው ተጸይፎ ይጠብቀዋል እንጂ ፈርቶ ብቻ አይጠብቀውም። እንዲህ ያለ ጽኑ ሥርዐት ያለው ሕዝብ ከታመመ ከብት ሥጋና ደም በሚመጣ ደዌ በየጊዜው የሚጠቃው ስለ ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የበሽታውን ጠባይና በሌላው ዓለም የተመረመረበትን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። ዓ.ም. የሚል የተጨመረበት ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የቀረው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ፣ ቅርጹ እንደ በትር የሆነ ባክቴሪያ ነው። በከብቱ ደም ውስጥ ሳለ እጅግ ይራባል። ደሙ ፈስሶ አየር ሲነካው ግን ራሱን በጽኑ ቅርፊት ከድኖ ስፖር ወደሚባለው ዘር ይለወጣል። ይህን ዘር ድርቅም ውርጭም አያጠፋውም፤ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተኝቶ ይቈያል። ከብቱ ሣር ሲግጥ ከአፈሩ ጋራ ይውጠዋል፤ ዘሩም በሰውነቱ ውስጥ ነቅቶ እንደ ገና በትር ይሆንና ይራባል። ከብቱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ሬሳው ቶሎ ይነፋል፤ እንደ ሌላው ሬሳ አይገተርም፤ ከአፉ፣ ከአፍንጫውና ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል። ሬሳው ሳይከፈት ቢቀር ግን በውስጡ ያለው ባክቴሪያ አየር አጥቶ ከብስባሹ ጋራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ወደ ሰው የሚገባው በሦስት በር ነው። አንደኛው ቆዳ ነው፤ ያረደው ወይም የገፈፈው ሰው እጁ ላይ ጭረት ቢኖር ከዚያ ይገባና መጀመሪያ ትንሽ ብጕር፣ ቀጥሎ ውሃ የቋጠረ እብጠት፣ በመጨረሻም ጥቁር ቍስል ይሆናል። ቍስሉ ስለማያምም ይናቃል፤ ሳይታከም ከቀረ ግን ከዐሥር ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን ይገድላል፤ በጊዜ ሐኪም ያየው በፔኒሲሊን ይድናል። ሁለተኛው በር አፍ ሲሆን ሦስተኛው ትንፋሽ ነው፤ ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው።

ይህን በሽታ በታሪካችን እጅግ ከታወቀው ከሌላው የከብት እልቂት ለይቶ ማየት ይገባል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የዘለቀው ክፉ ቀን መነሻው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነበር። (ለአጥፊው በሽታ እንዲህ ያለ ስም መስጠት ስሙን በቀጥታ ከመጥራት መሸሽ ይመስለኛል።) ደስታ በምጽዋ በኩል ጣሊያኖች ከውጭ ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ መጣ፤ ከአገሩ ከብት ከዐሥሩ ዘጠኙን እንደ ጨረሰ ይገመታል፤ በሬ የሌለው ገበሬም ማረስ አቅቶት በረኀብ አለቀ። ያ በሽታ ከከብት ወደ ከብት በትንፋሽና በንክኪ የሚሮጥ እንግዳ ነበር። ክትባት ሲያሳድደው መሸሸጊያ አጣ፤ እነሆ በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ። አባ ሰንጋ ግን ባለ ርስት ነው፤ አንድ ጊዜ የገባበትን መሬት አይለቅም። እንደ ደስታ በአንድ ዘመን አገር ስለማያጠፋ ታሪክ ጸሐፊዎች አልጻፉለትም። በየዓመቱ ከዚህ መንደር አንድ በሬ፣ ከዚያ መንደር ሁለት ላም፣ አልፎ አልፎም ሰው እየወሰደ ኖሯል።

አሁን ወደ ፈረንሳይ አገር እንሂድ። ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በሻርትር ከተማ ዙሪያ፣ ቦስ የሚባል ሰፊ የእህልና የበግ አገር አለ። የዚያ አገር እረኞች በ19ኛው መቶ ዓመት ውስጥ በጎቻቸውን የማያሰማሩባቸው ቦታዎች ነበሯቸው፤ «የተረገሙ መስኮች» ይሏቸው ነበር። በእነዚያ መስኮች የገባ መንጋ፣ ከብት ሳይገባባቸው ብዙ ዓመት ቢያልፍም እንኳ፣ ይሞታል ይሉ ነበር። የተማሩት ሰዎች ግን በሽታው ከሙቀት፣ ከመኖ መትረፍረፍና ከደም መብዛት የሚመጣ ነው ብለው ስለሚያምኑ የእረኞቹን ንግግር እንደ ተረት ቈጠሩት። እረኛው ምክንያቱን በእርግማን ቢተረጕመውም የተመለከተው ነገር እውነት ነበር፤ የተማረው ሰው ደግሞ ትርጓሜው ያማረ ሆኖ ምልከታ አልነበረውም።

በ1850 ራዬና ዳቬን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች በዚህ በሽታ በሞተ በግ ደም ውስጥ ትናንሽ በትሮችን በማጕሊያ መነጽር አዩ። ዳቬን በ1863 ወደ ነገሩ ተመልሶ የበሽታው ምክንያት እነዚህ በትሮች ናቸው ሲል ተከራከረ። ተቃዋሚዎቹ አንድ ብርቱ ጥያቄ ነበራቸው፤ በትሮቹ ከሬሳው ጋራ ቶሎ የሚጠፉ ከሆነ፣ ለዓመታት ባዶ የቈየ መስክ እንዴት ይገድላል? የተረገመው መስክ ነገር አሁንም መልስ አላገኘም።

መልሱ የመጣው ከትልቅ ትምህርት ቤት አይደለም። ሮበርት ኮኽ በዚያን ጊዜ በፕሩሲያ ግዛት፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው በቮልሽታይን፣ የአውራጃ ሐኪም ነበር። ቀን ሕመምተኞቹን እያየ በቀረው ጊዜ በቤቱ ውስጥ ይመራመር ነበር። ከሞተ ከብት የወሰደውን ደም በእንጨት ስንጣሪ እየነከረ አይጦችን ወጋ፤ ከታረደ በሬ ዓይን በወሰደው ውሃ ውስጥም ባክቴሪያውን አሳደገ። በመነጽሩ ሲመለከት በትሮቹ እንደ ክር ረዘሙ፤ በክሮቹም ውስጥ የሚያበሩ ፍሬዎች ተሰደሩ። ፍሬዎቹን አድርቆ አስቀመጣቸው፤ ኋላም ሲያረጥባቸው እንደ ገና በትር ሆኑ። በ1876 ይህን ሁሉ ይዞ ወደ ብረስላው ከተማ ሄደና ለዕፀዋት ሊቁ ለፈርዲናንድ ኮን አሳየው። አንድ የተወሰነ ባክቴሪያ የአንድ የተወሰነ በሽታ ምክንያት መሆኑ ከነሙሉ ኑሮው የተገለጠው ያን ጊዜ ነው። የቦስ እረኞችም መስኩ ይገድላል ሲሉ አለመሳሳታቸው በዚሁ ታወቀ።

ሉዊ ፓስተር ከዚያ በኋላ በሻርትር አካባቢ እየተዘዋወረ መስኮቹን ራሳቸውን መረመረ። እንደሚነገረው፣ አዝመራው በታጨደበት አንድ እርሻ ላይ የአፈሩ መልክ ከሌላው የተለየ ቦታ አይቶ ባለቤቱን ሲጠይቀው፣ ባለፈው ዓመት በበሽታው የሞቱ በጎች የተቀበሩበት ነው አለው። ፓስተርም ቦታውን ዝቅ ብሎ ሲመለከት ምድሩ የአፈር ትሎች ባወጡት ጕርጓድ አፈር ተሸፍኖ አገኘው። በ1880 ባወጣው ጽሑፍ፣ ትሎቹ ዘሩን ከመቃብር ወደ ላይ ያወጡታል፣ በጎቹም ከሣር ጋራ ይበሉታል አለ። የትሎቹ ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ኋላ ብዙ አከራክሯል፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ታላቁ ሊቅ ለገበሬው ጥያቄ ማቅረቡና መልሱን መቀበሉ ነው።

በሚከተለው ዓመት ከሜላን ከተማ አጠገብ በፑዪ ለ ፎር የተደረገው ሙከራ በየትምህርት ቤቱ ስለሚነገር አላስረዝመውም። በግንቦት 1881 24 በጎች፣ አንዲት ፍየልና 6 ከብቶች ሁለት ጊዜ ተከተቡ፤ ሌሎች 24 በጎች፣ አንዲት ፍየልና 4 ከብቶች ሳይከተቡ ቀሩ። ግንቦት 31 ቀን ሁሉም ብርቱውን ባክቴሪያ ተወጉ። ሰኔ 2 ቀን ሕዝብ ተሰብስቦ ሲያይ የተከተቡት በደኅና ቆመው ነበር፤ ካልተከተቡት በጎችና ከፍየሏ እስከ ማታ የተረፈ አልነበረም። ትልልቆቹ ያልተከተቡ ከብቶች አበጡ እንጂ አልሞቱም። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ የፓስተር የሥራ ደብተሮች ለተመራማሪዎች ከተከፈቱ ወዲያ፣ በዚያን ቀን የተሰጠው ክትባት ሕዝቡ እንዳሰበው በአየር የደከመው ሳይሆን ሻምበርላን የሚባለው ረዳቱ በኬሚካል ያዳከመው መሆኑ ታወቀ። ይህም በ1880 ተመሳሳይ መንገድ ከጀመረው ከቱሉዝ የእንስሳት ሐኪም ከቱሴን ሥራ ጋራ የሚቀራረብ ነው። የቱሴን ስም ዛሬ ከሊቃውንት በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ይህ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። በመላው ዓለም አሁንም የሚሠራበት የከብት ክትባት ደግሞ በ1937 ማክስ ስተርን በደቡብ አፍሪካ በኦንደርስተፖርት ካገኘው የደከመ ዘር የመጣ ነው። በአገራችንም በቢሾፍቱ ለአባ ሰንጋ የሚሆን ክትባት ይመረታል።

በሰው በኩል ያለውን ታሪክ ለማየት የእንግሊዝ አገሯን ብራድፎርድ መመልከት ይበቃል። በዚያች የሱፍ ከተማ ከቫን ሐይቅ አካባቢ የሚመጣውን የፍየል ጠጕርና ከፔሩ የሚመጣውን የአልፓካ ሱፍ የሚለዩ ሠራተኞች በድንገት እየታመሙ በሁለት በሦስት ቀን ይሞቱ ነበር፤ «የሱፍ ለዪዎች በሽታ» ይባል ነበር። በ1880 ገደማ ጆን ሄንሪ ቤል የተባለ የከተማዋ ሐኪም ይህ ራሱ አንትራክስ መሆኑን አስረዳ። ነገር ግን ሱፉ ከአገር ሳይገባ እንዲታጠብና እንዲጸዳ የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በ1919 ነው፤ በሊቨርፑል ወደብ ማጽጃ ቤት የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ሠራተኞቹ አርባ ዓመት ያህል ጠበቁ ማለት ነው። የዘገየው ዕውቀት አልነበረም፤ ወጪውን ማን ይሸከም የሚለው ነገር ነው።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን ሥርዐት እንመለስ። በክት ማለት ሳይታረድ የሞተ ከብት ነው። ቋንቋችን ሁለቱን ሞት በግሥ ሳይቀር ይለያል፤ በቢላዋ የሞተው ታረደ፣ ራሱ የሞተው በከተ ይባላል። የሕጉ ሥር በኦሪት ዘሌዋውያንና በዘዳግም ይገኛል፤ በግብረ ሐዋርያት 15ኛው ምዕራፍ ሐዋርያት ከደምና ታንቆ ከሞተ እንዲከለከሉ ለአሕዛብ አማኞች ጽፈዋል፤ ሙስሊሙም የሞተን እንዳይበላ በቍርኣን ታዝዟል። በክት የበላ ሰው እንደ ረከሰ ይቈጠራል፤ «በክት» ማለት ለሰው ስድብ እስከ መሆን ደርሷል።

የዚህን ሥርዐት ዋጋ ከበሽታው ጠባይ ጋራ ብናስተያይ እጅግ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። አንባቢ እንዲያስታውሰው የለመንሁትን ነገር እነሆ አነሣለሁ፤ ሬሳው ካልተከፈተ በውስጡ ያለው ባክቴሪያ ስፖር ሳይሆን ይሞታል። ዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች ስለ አባ ሰንጋ የሚያዝዙት የመጀመሪያው ትእዛዝ «ሬሳውን አትክፈቱት» የሚል ነው። በክትን አትብላ የሚለው ሥርዐት ስለ ባክቴሪያ አንዳች ሳያውቅ ሰውን ከዚህ ትእዛዝ ጋራ አስማምቶት ኖሯል። ሙሉ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። በክቱ ከመንደር ወጥቶ ይጣላል እንጂ ሁልጊዜ አይቀበርም፤ ጅብና ጥንብ አንሳ ይከፍቱታል፤ ቆዳው ሀብት ነውና ብዙ ጊዜ ሳይገፈፍ አይጣልም። ሥርዐቱ የተሠራው የሰውን አፍ ለመጠበቅ ነው፤ መሬቱን መጠበቅ የእርሱ ሐሳብ አልነበረም።

ከዚህ የበለጠው ጕድለት ግን ሌላ ነው። ሥርዐቱ የሚመለከተው የሞቱን መንገድ እንጂ የሕመሙን ዐይነት አይደለም። ከብቱ ነፍሱ ሳይወጣ በስመ ሥላሴ ወይም በቢስሚላህ ከታረደ፣ ከገደል የወደቀም ቢሆን፣ በሕመም የሚያጣጥርም ቢሆን፣ ሥጋው ንጹሕ ነው። በቍርኣንም ተወግቶ ወይም ወድቆ የሞተው ሲከለከል፣ ሳይሞት የተደረሰበትና የታረደው ተለይቶ ተፈቅዷል። ስለዚህ በሁለቱም ሃይማኖት ንጹሑንና ርኩሱን የሚለየው በቢላዋውና በሞት መካከል የሚደረገው እሽቅድድም ነው። በሬው ሲወድቅ ባለቤቱ «ሳይበክትብኝ ድረሱልኝ» ብሎ ይጮኻል፤ ቢላዋ ያለው ይሮጣል፤ የቀደመው ሁሉ እንደ ባለውለታ ይታያል። ደሙ በመስኩ ላይ ይፈስሳል፤ ከአየር ጋራም ይገናኛል። ሐኪሙ «አትክፈቱ» የሚለው ያን ከብት፣ ሥርዐቱ ንጹሕ ሆኖ እንዲበላ «ፈጥናችሁ ክፈቱ» የሚለው ያው ከብት ነው። የጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሕዝቡ የሚታመመው ሥርዐቱን በመጣሱ ሳይሆን በመፈጸሙ ነው።

ከታረደ በኋላ የሚሆነውንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሥጋው በቅርጫ ይመደባል። ቅርጫ በበዓል ጊዜ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ የሚካፈልበት ሥርዐት መሆኑ የታወቀ ነው፤ በሬ ተጐድቶ ሲታረድም ጎረቤት መደቡን እየገዛ ለባለቤቱ ማካካሻ የሚሆነውን ያዋጣለታል፤ እጁ ላይ የሌለውም አዝመራ ሲደርስ ሊከፍል ይወስዳል። ይህን ያላየ ሰው የገጠሩን ሕዝብ ሥጋ አምሮት ነው የሚበላው ብሎ ይፈርዳል። ሁለት በሬ የነበረው ሰው አንዱ ከሞተበት ቀንበሩ ይሰበራል ማለት ነው፤ እንደ እርሱ አንድ በሬ የቀረው ሰው ፈልጎ በመቀናጆ ካላረሰ በቀር መሬቱ ጦም ያድራል። በሽታው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በግንቦትና በሰኔ፣ ድርቁ ሣሩን ጨርሶ ከብቱ ከአፈር ላይ የሚግጥበት፣ የመጀመሪያውም ዝናብ የሚጥልበት ወራት ነው፤ ይኸውም እርሻ የሚታረስበት ጊዜ ነው። ስለዚህ መደብ የገዛው ጎረቤት የሚገዛው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ለወዳጁ የሚቀጥለውን ዓመት እህል ነው። የነገ ተራ የእርሱ ሊሆን እንደሚችልም ያውቃል። ስለ በሽታው የሚጻፉ መግለጫዎች ይህን ሁሉ «የግንዛቤ ማነስ» በምትል አንዲት ሐረግ ሲያልፉት ባየሁ ቍጥር ጸሐፊዎቹ በአንድ የቅርጫ ቀን ተገኝተው ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

መደቡ ወደየቤቱ ሲገባ ከፊሉ በጥሬው ይበላል፤ ከፊሉ ይቀቀላል፤ የቀረው ቋንጣ ሆኖ ይሰቀላል። መድረቅ ስፖሩን እንደማይገድለው ከኮኽ ሙከራ አይተናል። ቆዳው ጀንዲ ሆኖ ይተኛበታል፣ ጠፍር ሆኖ ዐልጋ ይጠመድበታል። ከፍየልና ከበግ ከሆነ አቍማዳና ስልቻ፣ ሲከፋም ብራና ይሆናል። በብራድፎርድ ሱፍ ለዪው የቆመበትን ቦታ በእኛ አገር የያዘው ፋቂው ነው። ሥራው ከበሬታ ስለማያሰጠው ሕመሙንም የመዘገበለት የለም። በቆዳው የሚመጣው አደጋ ያለፈ ዘመን ነገር አለመሆኑን በ2006 የሆነው ያስረዳል፤ ከምዕራብ አፍሪካ በመጣ ደረቅ ቆዳ በኒው ዮርክ ከተማ ከበሮ ይሠራ የነበረ ሰው በትንፋሽ በሚገባው አንትራክስ ታሟል። እዚህ ላይ ከጽሑፌ መንገድ ጥቂት ልውጣና፣ ሞራ ገላጮቻችን ስለ መንግሥትና ስለ ዝናብ ለማወቅ የታረደውን ከብት ሞራ እንዲያ ሲመረምሩ፣ አጠገቡ ያለው ጣፊያ ግን ስለ ራሱ ስለ ሥጋው የሚናገረውን ሳይጠይቁት መኖራቸው ያሳዝነኛል።

ሥርዐትና ክትባት ሲላሉ በሽታው እንዴት እንደሚነሣ የሌሎች አገሮች ታሪክ ያሳያል። በዚምባብዌ ከ1978 እስከ 1980 በጦርነቱ ጊዜ የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት በገጠር ፈረሰ፤ ከ10,000 በላይ ሰዎች በአንትራክስ ታመሙ። በሽታው ሆን ተብሎ የተበተነ ነው የሚሉም አሉ። በሰሜን ሳይቤሪያ በያማል ከ1941 ወዲህ ስላልታየ በ2007 የአጋዘኖቹ ክትባት ቆመ፤ በ2016 በጋው ከልማዱ ውጭ ሲግል ከሁለት ሺህ በላይ አጋዘኖች አለቁ፤ አንድ የ12 ዓመት ልጅም ሞተ። የአፈሩን ትዕግሥት ለማወቅ የስኮትላንዷ ግሩናርድ ደሴትም ትበቃለች፤ እንግሊዞች በ1942 ለጦር መሣሪያነት ከሞከሩባት በኋላ፣ በ1986 በኬሚካል ታጥባ በ1990 ደኅና ናት እስክትባል ድረስ ሰው አልተፈቀደባትም። በአገራችን በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በ1999 ከሺህ የሚበልጡ የዱር እንስሳት፣ ይልቁንም አምባራይሌዎች፣ በዚሁ በሽታ አልቀዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ጥያቄ የሚቀርበው በ1979 በሶቪየት ኅብረት በስቨርድሎቭስክ ከተማ የሆነው ነው። ቢያንስ 66 ሰዎች በአንትራክስ ሞቱ። መንግሥቱ፣ ሰዎቹ በስውር ከታረደ የታመመ ከብት ሥጋ ገዝተው በልተው ነው አለ። እውነቱ ግን ከአንድ የጦር ሠራዊት ማምረቻ ያመለጠ ስፖር በነፋስ መበተኑ ነበር፤ ይህም የታመነው በ1992 ነው። ሐሰቱ ለዐሥራ ሦስት ዓመት የቆመው ስለ ምን ነው ብንል፣ የድኻን ሰው ቢላዋና የድኻን ሰው ሆድ መክሰስ በየትም አገር ቶሎ ስለሚታመን ነው።

እንግዲህ ለአገራችን የሚሻለው ምንድን ነው? «የታመመ ከብት አትረዱ» የሚል ትምህርት ብቻውን ብዙ ርቀት የሚሄድ አይመስለኝም፤ ሥርዐቱ ራሱ እረድ የሚል ነውና። በቃሉ ውስጥ መሥራት ይቻላል። ቄሱና ሼኹ በየበኩላቸው፣ የአባ ሰንጋ ምልክት የታየበት ከብት ቢታረድም እንኳ በክት ነው ብለው ቢያስተምሩ፣ ሕዝቡ አዲስ ሕግ አይማርም፤ የሚጸየፈውን ነገር ወሰን ያሰፋል እንጂ። ክትባቱ ከግንቦት አስቀድሞ ካልደረሰ ግን ይህም ባዶ ቃል ይሆናል። ሙሉውን በሬ ሳይከፍት በጥልቅ ጕድጓድ የሚቀብረው ሰው የሚቀብረው ማረሻውን ስለ ሆነ፣ ቅርጫው ይሰጠው የነበረውን ሌላ አካል ሊሰጠው ይገባል። የብራድፎርድ ሠራተኞች አርባ ዓመት የጠበቁበት ጥያቄ ይኸው ነው።

ለማኅበራችን አባላትና ለተማሪዎች ደግሞ የቀረ ሥራ አለ። የቦስ እረኞች የተረገሙ መስኮቻቸውን ያውቁ እንደ ነበር ሁሉ፣ የእኛም እረኞችና ሽማግሌዎች መንጋ የማይነዱባቸውን ቦታዎች ያውቁ ይሆናል፤ ይህን ማንም አልጻፈውም። ለጥናት ወደ ገጠር የምትወጡ ሁሉ በግንቦትና በሰኔ ከብት የማይገባበት መስክ የቱ እንደ ሆነ፣ ስሙ ማን እንደሚባል፣ በየትኛው ዓመት የማን በሬ እንደ ወደቀበትና ሬሳው የት እንደ ተጣለ ጠይቃችሁ መዝግቡ።